ከቡልቡላ ባቱ፣ ከባቱ ቡልቡላ

ወደ ደቡብ የሚወርድ መንገደኛ ቡልቡላ ላይ ቀጠሮ የለውም። ከአዲስ አበባም ይነሣ ከአዳማ፣ ባቱ ላይ ዓሣውን በልቶ፣ አዳሚ ቱሉን አልፎ፣ ሐሳቡ ቀድሞት ላንጋኖ ወይም ሐዋሳ ገብቷል። ቡልቡላ በመስኮት የምትታይ ከተማ ናት፦ ድልድይዋ፣ የባጃጅ ተራዋ፣ ቢጫ ጀሪካን ደርድረው የሚሄዱ የአህያ ጋሪዎቿ፣ ከዚያ እንደገና ግራርና ሜዳ። የተቀናጀው አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ስሟ በዜና ይሰማል፤ ለማደር ብሎ የሚወርድባት መንገደኛ ግን ዛሬም ብዙ አይደለም። እኔ ኅዳር ላይ ከአዳማ ተነሥቼ፣ ሞጆንና መቂን አልፌ፣ ለማደር ወረድኩባት። ሐሳቤ ሌሊት ከዚያው ተነሥቼ ወደ ሰሜን እስከ ባቱ፣ ከባቱ ዞሬ እስከ ቡልቡላ፣ በድምሩ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር መሮጥ ነበር። የመጀመሪያዬ ማራቶን ነው።

ለምን ቡልቡላ? ለሚለኝ ሰው መልሴ መሬቱ ነው። ከቡልቡላ ባቱ ደርሶ መልሱ ከማራቶን ጋር ይቀራረባል፣ የጎደለውን ባቱ ከተማ ገባ ብሎ መሙላት ይቻላል። አገሩ ሜዳ ነው። ባቱ አጠገብ ያለው የዝዋይ ሐይቅ 1,636 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል፤ የቡልቡላ ወንዝ ከዝዋይ ተነሥቶ የሚፈስበት የአብያታ ሐይቅ ደግሞ ከእሱ ዝቅ የሚለው ስልሳ ሜትር ያህል ብቻ ነው። እግር የማያውቀው ቁልቁለት ማለት ይህ ነው። ከአዲስ አበባ ሰባት መቶ ሜትር ያህል ስለሚያንስም ትንፋሽ ይፈታል። ኅዳር ላይ ዝናቡ አብቅቷል፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ፣ መሬቱ ደረቅ ነው። የሚፈራው የረፋዱ ፀሐይ ነው፤ ስለዚህ ሌሊት ተነሥቶ ፀሐይዋ ሳትበረታ መጨረስ ያስፈልጋል።

ዝግጅቱ ያለቀው አዳማ ላይ ነው። የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ወደቆሙበት ኮረብታ የሚወስዱ፣ አትሌቶች ኮሮኮንች የሚሏቸው ዓይነት ጠጠርና አፈር የሆኑ መንገዶች አሉ። የአዳማ ነፋስ ስወጣ ደረቴን ይዞ ይገፋኛል፣ ስመለስ ከጀርባዬ ሆኖ ያግዘኛል። በሥራ ቀን አጭር፣ ቅዳሜ ረጅም ሩጫ። ከሁሉ የከበደኝ ዝግታውን መማር ነበር። ጀማሪ ሰው ለማራቶን ሲለማመድ አብዛኛውን ጊዜ መሮጥ ያለበት አጠገቡ ካለ ሰው ጋር እየተጨዋወተ መሄድ በሚችልበት ፍጥነት ነው። ልብና ሳንባ በሳምንታት ይለምዳሉ፤ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ብዙ ጀማሪ የሚጎዳው በዚህ ልዩነት መሐል ነው፦ ትንፋሹ «ጨምር» ይለዋል፣ ጉልበቱ ግን ገና አልደረሰም። የቅዳሜዋ ሩጫ በጥቂት በጥቂቱ እያደገች 30 ኪሎ ሜትር ስትደርስ አቆምኳት። የቀረውን አሥራ ሁለት ለቀኑ መተው በጀማሪዎች ዘንድ የተለመደ ነው፤ ከዚያ በላይ በልምምድ መሮጥ ከሚሰጠው ጥቅም ድካሙ ይበልጣል።

ካደርኩበት አልጋ ቤት ፊት ለፊት አንዲት እናት ሻይና ጨጨብሳ ይሸጣሉ። ማታ የፈላ ውሃ ልጠይቃቸው ገባሁና ስለ ነገው ነገርኳቸው። ወንበር ስበው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«አትሌት ነሽ እንዴ ልጄ?»

«አይደለሁም አዴ። የቢሮ ሠራተኛ ነኝ።»

«ውድድር አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ምን ይሰጡሻል?»

«ምንም። በራሴ ነው የምሮጠው።»

ብርጭቆ እያጠቡ ጥቂት አሰቡ። «ለጤናሽ ከሆነ ጥሩ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ብቻሽን ግን አትውጪ። ሌሊት ነው፣ መኪናውም መጥፎ ነው።» ወዲያው ባጃጅ የሚነዳውን የእህታቸውን ልጅ ጠሩልኝ። ከኋላዬ ሆኖ መብራት እያበራ፣ ውሃዬንና ስንቄን ይዞ እንዲከተለኝ በዋጋ ተስማማን።

«ምን ይሰጡሻል?» የእሳቸው ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ አዳማም ስንቱ ጠይቆኛል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ የአገራችን ረጅም ርቀት ሩጫ በደመወዝ ያደገ ነው። አበበ ቢቂላና ማሞ ወልዴ የክቡር ዘበኛ ወታደሮች ነበሩ። ከእነሱ በኋላም አትሌቱን ያሳደጉት የሠራዊቱ፣ የፖሊሱ፣ የማረሚያ ቤቱና የባንኩ ክለቦች ናቸው። ከአርሲ ወይም ከሸዋ ገጠር የተነሣ ልጅ ክለብ ሲገባ ደመወዝ ያገኛል፤ ሲቀናው ማኔጀር ያገኛል፤ የበለጠ ሲቀናው ውጭ ወጥቶ ይሮጥና ለእናት ለአባቱ ቤት ይሠራል። ሕይወት የሚለወጥበት ሥራ ነው፣ ክብሩም ከዚያ ይመጣል። ይሁን እንጂ በዚሁ ምክንያት አርባ ሁለቱ ኪሎ ሜትር የባለሙያዎቹ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። እኛ ሌሎቻችን ሰዓቱን እናውቃለን። ቀነኒሳ በቀለ በ2019 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ 2:01:41፣ ትዕግስት አሰፋ በ2023 እዚያው በርሊን 2:11:53፣ ታምራት ቶላ በ2024 ፓሪስ ኦሊምፒክ 2:06:26 እያልን በቃላችን እንቆጥራለን። ርቀቱን ግን በእግራችን አናውቀውም።

ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በ2001 እ.ኤ.አ. አሥር ሺህ ሰው ይዞ ሲጀመር አንድ ትልቅ ነገር ተለወጠ። ሒሳብ ሠራተኛው፣ ተማሪው፣ የልጆች እናት ቲሸርት ለብሰው አዲስ አበባ አስፋልት ላይ ወጡ፤ መሮጥ የአትሌት ብቻ መሆኑ በዚያ ቀን ቀረ። ርቀቱ ግን 10 ኪሎ ሜትር ነው። ሐዋሳ ላይ ግማሽ ማራቶን አለ፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴም እዚያው ሐዋሳ በስሙ ማራቶን አዘጋጅቷል። ከቡልቡላ በስተደቡብ ባለው አብያታ ሻላ ፓርክም አርባ ሁለት ኪሎ ሜትርን የሚጨምር ውድድር በጫካና በአሸዋ መንገድ ተካሂዷል። እነዚህን ያሰቡ ሰዎች ሊመሰገኑ ይገባል። ሙሉውን ርቀት ለመጨረስ ብቻ የሚሰለፈው ተራ ሰው ግን ዛሬም ጥቂት ነው።

በሌላው ዓለም ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ኒው ዮርክ ላይ በአንድ ማለዳ ከሃምሳ ሺህ በላይ ሰው ማራቶን ይጨርሳል፤ አብዛኛው ከአራት ሰዓት በላይ የሚፈጅበት መምህር፣ ነርስ፣ ሾፌር፣ ጡረተኛ ነው። የእኛ ልጆች ከፊት ሆነው የሚያሸንፉባቸው ታላላቅ ውድድሮች ከኋላ በሚመጣው በዚህ ሕዝብ የቆሙ ናቸው። መመዝገቢያ የሚከፍለው፣ ሆቴል የሚሞላው፣ ስፖንሰሩን የሚስበው፣ ከተማው መንገዱን እንዲዘጋ ምክንያት የሚሆነው እሱ ነው። እኛ ለዓለም የፊተኞቹን ሰጥተናል፤ የኋለኞቹ ግን በአገራችን ገና አልተሰለፉም። ያን ሌሊት ከቡልቡላ ስነሣ በልቤ የነበረው ይህ ነበር።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ከድልድዩ ተነሣሁ። ሰማዩ ኮከብ በኮከብ ነው፣ ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። የሮጥኩት በአስፋልቱ ዳር ባለው እግረኛና ከብት በደለደለው አፈር ላይ ነው። ሲኖትራክና አይሱዙ ሲመጣ ልጁ ሁለቴ ጥሩንባ ይነፋልኛል፣ እኔ ከመንገዱ ራቅ እላለሁ፤ መኪናው አልፎ አቧራው ሲረጋ እመለሳለሁ። ውሻ ከግቢ ሲወጣም ጥሩንባው ነው የሚመልሰው። ያ ልጅና ያ መብራት ባይኖሩ ይህን መንገድ በዚያ ሰዓት አልደፍረውም ነበር፤ ሴት ሆኖ በሌሊት ለብቻ መሮጥ በየትም አገር ቀላል አይደለም። የባጃጁ ብርሃን ጥላዬን ከፊቴ ረጅም አድርጎ ይጥለዋል። አበበ ቢቂላ መስከረም 10 ቀን 1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ባዶ እግሩን ሲሮጥ የመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች በጨለማ ነበሩ፤ በጥንቱ የአፒያ ጎዳና ግራና ቀኝ የጣልያን ወታደሮች ችቦ ይዘው ያበሩለት ነበር። 2:15:16 ገባ። ያን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ በጨለማ መሮጥ ምን ያህል ጆሮን እንደሚከፍትና ዓይንን ከፊት ካለው ጥቂት ሜትር ጋር እንደሚያስር ግን እዚህ ነው ያወቅሁት።

ወደ አዳሚ ቱሉ ስቃረብ ከቀኜ ሰማዩ ፈዘዝ ማለት ጀመረ። መጀመሪያ የአርሲ ተራሮች ጠርዝ ታየ፤ ቀጥሎ ከአራት ሺህ ሜትር በላይ ከፍ የሚለው ጭላሎ ከሌሎቹ ተለይቶ ወጣ። ከስምጥ ሸለቆው ወለል ሆኖ ወደዚያ ማየት ለሯጭ ሌላ ትርጉም አለው። በተራሮቹ ሥር አሰላና በቆጂ አሉ። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽ ዲባባ ሁሉም የዚያ ደጋ ልጆች ናቸው። ፋጡማ በ1996 እ.ኤ.አ. አትላንታ ላይ 2:26:05 ገብታ በኦሊምፒክ ማራቶን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ሆነች፤ ከዚያ ቦስተንን ሦስት ዓመት በተከታታይ አሸነፈች። ሴቶች ማራቶንን በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የሮጡት ገና በ1984 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ አሥራ ሁለት ዓመት በኋላ የአርሲ ገበሬ ልጅ ወርቁን ወሰደችው።

ያን ጠዋት አብሮኝ የሮጠው ታሪክ ግን የኃይሌ የመጀመሪያ ማራቶን ነው። ኃይሌን የምናውቀው በ10 ሺህ ሜትር ወርቁ፣ ደብተር እንደያዘ ልጅ ጎንበስ ባለችው ግራ እጁ ነው። ከዚያ ሁሉ በፊት፣ በ1988 እ.ኤ.አ.፣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለ ከአሰላ መጥቶ አዲስ አበባ ላይ ማራቶን ሮጦ ነበር። የገባው በ2:48 ነው።  ልክ ሃያ ዓመት ቆይቶ በ2008 በርሊን ላይ 2:03:59 በመግባት በዓለም ከ2:04 በታች የሮጠ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። እኔ የምወደው ያንን የመጀመሪያውን ሩጫ ነው፤ ገና ስም ሳይኖረው አርባ ሁለቱን ኪሎ ሜትር ለመሮጥ የተሰለፈውን ልጅ። ታሪካችን ያን ልጅ ከሻምፒዮኑ እኩል ቢያስታውሰው ብዙዎቻችን ጫማ እናስር ነበር።

ባቱ ስገባ ፀሐይዋ ወጥታለች። ከተማዋ የምትነቃው በአበባ እርሻዎቿ ሠራተኞች ነው፤ በሺዎች የሚቆጠሩ፣ አብዛኛዎቹ ወጣት ሴቶች፣ ነጠላና ሹራብ ደርበው፣ ምሳቸውን በላስቲክ ቋጥረው በፍጥነት ይራመዳሉ። በእጃቸው የሚቆረጠው ጽጌረዳ በአውሮፕላን አውሮፓ ይደርሳል። እነሱ ወደ ሥራ፣ እኔ ወደ መዞሪያዬ ጥቂት አብረን ሄድን። አንዷ «አይዞሽ፣ በርቺ!» አለችኝ፤ ሌላዋ «ጃባዱ!» አለች። ቀኑን ሙሉ ቆመው የሚሠሩ ሴቶች ናቸው፤ ከእነሱ አፍ «በርቺ» መስማት ትልቅ ነገር ነው። ሰዓቴ ግማሹ ማለቁን ሲያሳይ ዞርኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ወስዶብኛል።

እዚያ፣ ከባቱ በስተምዕራብ፣ ጋደሞታ የሚባለው ሸንተረር ይታያል። ተመራማሪዎች ከዚያ መሬት ከባልጩት የተጠረቡ የጦር ጫፎች አውጥተዋል፤ ዕድሜያቸው ከ279 ሺህ ዓመት በላይ ነው። በእንጨት ጫፍ ታስረው የሚወረወሩ መሣሪያዎች ነበሩ፤ እስካሁን በዓለም ከተገኙት የዚህ ዓይነት መሣሪያዎች ከጥንታዊዎቹ ተርታ ናቸው። የሚወረውር አዳኝ ደግሞ የሚራመድና የሚሮጥ አዳኝ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. ዴኒስ ብራምብልና ዳንኤል ሊበርማን የተባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ የሰው አካል ለረጅም ሩጫ የተሠሩ ነገሮች እንዳሉት አስረድተዋል፦ እንደ ስፕሪንግ የሚያነጥረው ረጅሙ የተረከዝ ጅማት፣ ሲሮጡ ደረት ወደ ፊት እንዳይወድቅ የሚይዘው ትልቁ የመቀመጫ ጡንቻ፣ ራስን የሚያረጋጋው የማጅራት ጅማት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በላብ መቀዝቀዝ የሚችል ቆዳ። አጋዘን በፍጥነት ይበልጠናል፤ በሙቀት ውስጥ ለሰዓታት መሮጥ ግን አይችልም። ሁሉም ሊቅ በዚህ አይስማማም፣ ክርክሩ አለ። እኔ ግን ያን ሸንተረር በቀኜ ይዤ ወደ ደቡብ ስሮጥ አመንኩት። የአካላችንን ነገር ለጥቂት ሻምፒዮኖች ብቻ ትተነዋል፤ ይህ መሬት ግን ሁላችንንም ሯጭ አድርጎ ነው የሠራን።

አዳሚ ቱሉን ለሁለተኛ ጊዜ ሳልፍ ፀሐይዋ ከግራዬ ከፍ ብላ ትከሻዬን መያዝ ጀመረች። ሙቀቱ እንደ ቆላው ወግ ነው፤ ሳይነግር ይመጣና ሁሉን በአንዴ ይይዛል። ሕፃናት ከጎጆው ሮጠው ወጥተው አብረውኝ ይሮጣሉ፤ «ሀይላንድ! ሀይላንድ!» ይላሉ፣ ባዶ የውሃ ጠርሙስ ፈልገው። የያዝኩትን ሁሉ ከባጃጁ እየወረወረ ልጁ አደላቸው። አንዲት ቀይ ቀሚስ የለበሰች ልጅ ግን ጠርሙስም አልፈለገች፤ ሳትናገር፣ ባዶ እግሯን፣ ከእኔ ይልቅ በቀለለ እርምጃ ረጅም መንገድ ሸኘችኝ።

ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ ያለው ነገር ነው ማራቶን። ከዚያ በፊት ያለው ረጅም ሩጫ ነው። ምክንያቱ ሒሳብ ነው፦ ጡንቻና ጉበት የሚያከማቹት የስኳር ስንቅ ሁለት ሺህ ካሎሪ ግድም ነው፤ ሯጭ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ለእያንዳንዱ የክብደቱ ኪሎ አንድ ካሎሪ ያህል ያቃጥላል። ስድሳ ኪሎ የሚመዝን ሰው እስከ መጨረሻው ከሁለት ሺህ አምስት መቶ በላይ ይፈልጋል። ስንቁ ሠላሳ ሦስት ላይ አልቋል ማለት ነው። ስብ አለ፤ ስብ ግን ኃይሉን ቀስ ብሎ ነው የሚሰጠው። አዳሚ ቱሉና ቡልቡላ መካከል ባለው ገላጣ ሜዳ ላይ፣ ጥላ በሌለበት፣ እግሬ ከአሁን በኋላ የእኔ ያልሆነ ያህል ከበደኝ። ቅርብ የነበረው ግራር መድረሻው ራቀ። ሐሳብም ይጠፋል፤ የራስን ስም የሚያስረሳ ድካም ነው።

ያዳነኝ በሶ ነው። ከማርና ከትንሽ ጨው ጋር አሽቼ ጭብጦ አድርጌ ይዤ ነበር፤ ከሃያኛው ኪሎ ሜትር ጀምሮ፣ ሳይርበኝ፣ ትንሽ ትንሽ ቆርጬ እየበላሁ መጥቻለሁ። ገበሬው ለእርሻ፣ ዘማቹ ለጦርነት፣ አትሌቱ ለልምምድ የያዘው ስንቅ ነው፤ የተቆላ ገብስ ሆድ ሳይረብሽ ቶሎ ኃይል ይሆናል። ከውጭ ከሚመጣው በላስቲክ የታሸገ የሯጭ ምግብ ይልቅ ለእኛ ሆድ የሚስማማ ይመስለኛል። ስለ ውሃም አንድ ነገር ልበል፤ ጀማሪ በሙቀት ሲሮጥ መጠጣት የሚያበዛው ከፍርሃት ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. የቦስተን ማራቶንን ከሮጡ 488 ሰዎች ላይ በተወሰደ ደም ከመቶ 13ቱ የሶዲየም መጠናቸው ከጤናማው በታች ወርዶ ተገኝቷል፤ ዋናው ምክንያት ከመጠን ያለፈ ፈሳሽ መጠጣት ነበር፣ በዝግታ የሚሮጡት ደግሞ የበለጠ ይጋለጣሉ። ጥማት ሲመጣ መጠጣት፣ ውሃው ውስጥም መድኃኒት ቤት የሚሸጠውን የተቅማጥ ማከሚያ ጨውና ስኳር መበጥበጥ ይበጃል። እኔ ያደረግኩት ይህንን ነው።

ከዚያ በኋላ እየሮጥኩ፣ እየተራመድኩ፣ እየሮጥኩ ነው የመጣሁት። ልጁ ባጃጁን አጠገቤ አምጥቶ «አዴ፣ ትንሽ ነው የቀረው፤ ፓርኩን አየሽው?» አለኝ። የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሕንፃዎች ከሩቅ ይታያሉ። ጀሪካን የጫነ ጋሪ የሚነዱ አንድ አባት አህያቸውን አዝግመው ጎኔ ሄዱ፤ ከየት እንደመጣሁ ልጁን በኦሮምኛ ጠየቁት፣ ሲነግራቸው ባርኔጣቸውን አነሡ። ከባቱ ሮጬ መምጣቴን ሰሙ እንጂ ምን እንደሚሰጡኝ አልጠየቁም። ያ ባርኔጣ እስከ ድልድዩ አደረሰኝ። ሰዓቱ 5:15 ይላል፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ45 ነበር። ድልድዩ ላይ ቆሜ ሁለቱን እጆቼን ብረቱ ላይ ጫንኩ፣ አለቀስኩም። ከደስታ ነው፤ ከሕመምም ነው።

ከድልድዩ በታች ያለውን ወንዝ ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። ቡልቡላ ወንዝ የዝዋይን ውሃ ተሸክሞ አብያታ ማድረስ ነው ሥራው። ዛሬ በመንገዱ ሁሉ ይቀዳል፦ ለመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም፣ ለአበባ፣ ለከተሞች መጠጥ። ከዝዋይ የሚወጣው ራሱ ቀንሷል። አብያታ በሚታይ መጠን ሸሽቷል፤ ከሐይቁ የተመረተው ሶዳ አሽም የራሱ ድርሻ አለው። ዳርቻው ነጭ ጨው ሆኗል፣ ወፎቹም እንደ ድሮው አይደሉም። በእግሩ ያለፈ ሰው ይህን ከመስኮት ካየው ይልቅ ያዝንበታል፤ ውሃው ለእያንዳንዱ ጋሪ፣ ለእያንዳንዱ ጀሪካን ምን እንደሆነ ጠዋቱን ሙሉ አይቶ ነው የመጣው። የሰዎቹን ፍላጎት የሚነቅፍ ልብ የለኝም። መጠኑን የሚወስን፣ ለወንዙም የሚተርፍ ድርሻ የሚያስከብር ሥርዓት ግን ያስፈልጋል፤ ካልሆነ አብያታ በእኛ ዘመን ያልቃል።

ስለ ሩጫው ደግሞ የምለምነው አንድ ነገር ነው። የሞጆ ሐዋሳ ፈጣን መንገድ ከባድ መኪናውን እየተረከበ በሄደ ቁጥር በቡልቡላና በባቱ መካከል ያለው አሮጌ አስፋልት ይቀላል። በዓመት አንድ ቀን፣ ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ላይ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ ረፋድ ድረስ ይዘጋ። የስድስት ሰዓት የማብቂያ ጊዜ ይሰጥ፤ አትሌቱ ከፊት ይሂድ፣ መምህሩ፣ ነርሷ፣ የአበባ ሠራተኛዋ፣ ባጃጅ ነጂው ከኋላ ይከተሉ። በየአምስት ኪሎ ሜትሩ ውሃና በሶ የሚይዙ የአካባቢው ሴቶች ይቀጠሩ፤ ገቢው ባቱ ሆቴሎች ላይ ብቻ ሳይሆን አዳሚ ቱሉና ቡልቡላም ይቅር። ሐዋሳ ላይ፣ አብያታ ሻላ ላይ የጀመራችሁ አዘጋጆች፣ ይህን መንገድ መጥታችሁ ለኩት። የከተማዎቹ አስተዳደሮች፣ ፈቃዱን አታዘግዩ።

አንተ አንባቢ፣ አንቺም፣ ማራቶን የእነ ኃይሌ ነው ብላችሁ የተዋችሁት፣ ነገ ጠዋት ከሥራ በፊት ጫማ አስራችሁ ሃያ ደቂቃ በዝግታ ሩጡ። ትንፋሽ ቢያጥራችሁ ተራመዱ። ከነገ ወዲያ ዕረፉ፣ ከዚያ እንደገና ውጡ። ዓመት ሳይሞላ ቡልቡላ ድልድይ ላይ ልንገናኝ እንችላለን።